የሄቲ ስም ያለበት ዱባ

ኦክቶበር 4፣ እሑድ

ዛሬም ዝናብ። ጠዋት ሻይ፣ ከትናንት የተረፈ ቋሊማ በዳቦ። ድንች ላወጣ ወደ ጓሮ ወጥቼ አካፋው ከጭቃው አልላቀቅ ሲለኝ እዚያው ተክዬው ተመለስኩ። ሬዲዮው ስለ ጎርፍ ያወራል። ዘጋሁት።

ከሰዓት ሄቲ ደወለች። ማለቴ እናቷ፣ ልጄ ሮዊና፣ ደውላ ሰጠቻት። የልጅ ልጄ ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስልክ ላይ ግን እንደ ባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው የምታወራው።

«አባባ፣ ስሜ አድጓል?»

«አድጓል።»

«ምን ያህል?»

«ከእጅሽ መዳፍ ይበልጣል።»

«እሺ። ካደገ የሃሎዊን ማታ አንተ ጋ ነኝ። ካላደገ ግን ፒርስ ጋ ድግስ አለ።»

ካላደገ ግን... ፒርስ ማለት ጥርስ ነቃዩ ነው። የጂሊያን ባል። ጂሊያን ደግሞ የቀድሞ ሚስቴ። ሰውዬው ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚነቅለው ጥርስ አጣና የእኔን ልጅ ልጅ መንቀል ጀመረ።

ስሟን ዱባ ላይ መጻፍ የጀመርነው ገና መራመድ ስትለምድ ነው። ጁላይ ላይ፣ ዱባው የብርቱካን ያህል ሆኖ ቆዳው ሳይጠነክር፣ በሚስማር ጫፍ ቀስ ብለን እንጭረዋለን። ትንሽ እንባ ያነባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ልክ እንደ ልጅ ጉልበት ጠባሳ አበጥ ብሎ ከዱባው ጋር ያድጋል። የሃሎዊን ቀን፣ ልጆች መንፈስና ጠንቋይ መስለው ከረሜላ ሊለምኑ ቤት ለቤት በሚዞሩበት በኦክቶበር መጨረሻ፣ በጀርባው በኩል ዓይንና አፍ እንቆርጥለታለን፣ ሻማ እናስገባበታለን፣ ደጃፍ ላይ እናስቀምጠዋለን። ያ ዕለት የእኔና የእሷ ነው። ሌላ የእኔና የእሷ ብቻ የሆነ ቀን የለንም።

ዘንድሮ ግን ብቻዬን ጻፍኩት። ጁላይ ላይ ፖርቱጋል ነበረች። ሰውዬው ባሕር ዳርቻ ላይ ቤት ተከራይቶላቸው።

ኦክቶበር 6፣ ማክሰኞ

ዱባው በስብሷል።

ከላይ ሲያዩት ምንም አልሆነም። ስሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሥሩ ደረቅ ገለባ ላደርግለት ብዬ ሳነሳው ጣቶቼ ዘው አሉ። ገንፎ ሆኗል። ሽታውን አልጽፍም።

እሑድ «አድጓል» ስላት አልዋሸሁም። አድጎ ነበር። ብቻ አገላብጬ አላየሁትም...

ለጎረቤቴ ለኖርማን አሳማዎች ሰጠሁት። ኖርማን ብዙ የሚጠይቅ ሰው አይደለም። «ስም ያለው ዱባ ለአሳማ ትሰጣለህ እንዴ?» አለ፣ በቃ። አሳማዎቹ ከስሙ በኩል ጀመሩ። ቆሜ ማየት አልቻልኩም።

ለሮዊና ልንገራት? ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። እንደገና አነሳሁ... ነገ።

ኦክቶበር 10፣ ቅዳሜ

ነገ የተባለው ነገ አልመጣም። ይልቅ ጂሊያን ደወለች።

«ኤድዊን፣ በወሩ መጨረሻ ያለውን የትምህርት ቤት እረፍት ሳምንት ፕሮግራም ልንገርህ።»

ፕሮግራም። ከእኔ ጋር ስትኖር ነገ ምን እንደምንበላ እንኳ አታውቅም ነበር።

«ሰኞ የዱባ እርሻ። ሐሙስ የእንፋሎቱ ባቡር፤ መንፈስ መስለው የሚሳፈሩ ሰዎች አሉበት፣ አታስብ፣ ለልጆች ተብሎ የተለሳለሰ ነው። ቅዳሜ ማታ እኛ ጋ፣ ፖም ዛፎቹ መሀል ልጆቹ ፋኖስ ይዘው ይዞራሉ።»

«ቅዳሜ ሄቲ እኔ ጋ ናት።»

«ዱባው ካለ ብላለች።»

«አለ።»

አለ አልኩ። አፌ ቀደመኝ። «ጥሩ ነዋ» አለች። «እንግዲያው ሰኞ ከእኛ ጋር ና። ፒርስ ነው ኤድዊንን ጥሪው ያለኝ። ለሁላችን ብርቱካናማ ሹራብ አዟል። ለአንተም።»

ምን ቤት ነው እሱ? የገዛ ልጅ ልጄን ለማየት የእሱ ግብዣ ያስፈልገኛል? ቆሽቴ አረረ። ዕቃ ሳጥብ አንድ ሰሃን ሰበርኩ።

ምኑ ነው የሚያስቀናኝ? እዚህ ልጻፈው፣ የሚያነበው የለም። ጂሊያን አይደለችም፤ ያ ድሮ አልቋል። የሰውዬው መኪናም አይደለም። ካሜራው... ትንሽ። ዋናው ግን የፋሲካ ዕለት ነው። ሄቲ ሮጣ ወደቀች፣ ጉልበቷ ተላጠ፣ ተነሥታ እያለቀሰች መጣች። እጄን ዘርግቼ ነበር። አልፋኝ ሄደች። እሱ ጋ።

ኦክቶበር 12፣ ሰኞ

ከተማ ወርጄ ዱባ ገዛሁ። የእኔን የሚያህል ለማግኘት ሦስት ሱቅ ዞርኩ። በመጨረሻው ሱቅ ሻጯ ልጅ «ለልጅ ልጅ ነው?» አለችኝ ፈገግ ብላ። እኔም ፈገግ አልኩ። ሌባ እንዲህ ነው መሰለኝ የሚስቀው።

ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። በገዛ ቤቴ። ሚስማሩን አወጣሁና ስሟን ጻፍኩ። ቆዳው እንደ እንጨት ጠንክሯል፣ ሚስማሩ ሁለቴ አዳልጦኝ አንዱን ፊደል አጣመምኩት።

ኦክቶበር 13፣ ማክሰኞ

ያነባል። ከፊደሎቹ ላይ ጠብታ ጠብታ ይወርዳል። እጠርገዋለሁ፣ ደግሞ ይወጣል። ጂሊያን ትታው የሄደችው የፀጉር ማድረቂያ ነበር፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር ፈልጌ አወጣሁት። ዱባ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ፀጉር እንደሚሠራ ሰው ስነፋበት ኖርማን በመስኮት አየኝ። እጁን አወዛወዘ። አወዛወዝኩ።

ኦክቶበር 16፣ ዓርብ

አመድ ቀባሁት። ከዚያ ጭቃ። ከዚያ ጭቃውን በብሩሽ አራገፍኩ። ራቅ ብለው ሲያዩት ጠባሳ ይመስላል። ከቅርብ... ከቅርብ ማን ያየዋል? የስድስት ዓመት ልጅ ናት።

ኦክቶበር 20፣ ማክሰኞ

ሄቲ ደወለች። «ስሜ ደህና ነው?» አለች። ደህና ነው አልኳት።

ኦክቶበር 25፣ እሑድ

ለብርዱ ወራት እንደሚደረገው ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለስን። ገና በጊዜ ጨለመ።

ሹራቡ በፖስታ መጥቶ ነበር። ለካሁት። ልክክ አለ። ጂሊያን ነግራው ይሆናል ልኬን። ጠቦኝ ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ።

ኦክቶበር 26፣ ሰኞ

ሄድኩ። ሹራቡንም ለበስኩት። ሄቲ ስታየኝ «አባባ፣ እኛን መሰልክ» አለች። እኛ ማለት እነማን ናቸው?

ሮዊና አልመጣችም፣ ሆስፒታል ተረኛ ናት፤ ነርስነት እረፍት የለውም። እኔ፣ ጂሊያን፣ ሰውዬው፣ ሄቲ። መኪና ማቆሚያው ጭቃ፣ አጥሩ ላይ የጨርቅ የሌሊት ወፍ ተሰቅሏል፣ የገለባ ክምር ላይ የጠንቋይ ልብስ የለበሱ ሕፃናት አይብ በዳቦ ይበላሉ። ትራክተር የሚጎትተው ጋሪ ላይ ወጣን። ሄቲ መሀላችን እንድትሆን ቦታ ያዝኩላት። የሰውዬው ጉልበት ላይ ወጣች። «ከዚህ በደንብ ይታየኛል» አለች። ረጅም ስለሆነ ነው። አዎ፣ ረጅም ስለሆነ ነው።

በቆሎው ማሳ ውስጥ ጠመዝማዛ መንገድ ቆርጠዋል፤ ገብተህ መውጫውን ፈልግ ነው ጨዋታው። እኔ በግራ ነው አልኩ። እሱ «በቀኝ ይመስለኛል፣ ግን ኤድዊን ካለ በግራ እንሞክር» አለ። በግራ ሄድን። አጥር። ተመለስን። በቀኝ ወጣን። አልሳቀብኝም። ቢስቅብኝ ይሻል ነበር።

ከዚያ የዱባው ማሳ። ቤተሰብ ሁሉ የእጅ ጋሪ እየገፋ የወደደውን ያነሳል። ሄቲና እሱ አንድ ትልቅ መረጡ። ካሜራው በጂሊያን እጅ ቀጭ ቀጭ ይላል። «ራሴ ከማሳው ለቀምኩት በይ» ይላታል። «ራሴ ከማሳው ለቀምኩት» ትላለች፣ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ።

ያኔ ነው ያየሁት። ሐረግ የለም። አንድ ቅጠል እንኳ የለም። ዱባዎቹ በመስመር ተደርድረዋል፣ ጭራቸው ደርቋል፣ ከሥራቸው ያለው ሣር አረንጓዴ ነው። ዘንድሮ ይህ ማሳ ዱባ አላበቀለም። ዝናቡ የእኔን እንደጨረሰ የእነሱንም ጨርሶታል። ከሌላ ቦታ በጭነት መኪና አምጥተው ጠዋት ጠዋት ይደረድራሉ ማለት ነው።

ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አልተጎዳም። ግን ያቺ ፎቶ... እሱና እሷ፣ ዱባውን በአራት እጅ ይዘው...

«ሄቲ» አልኩ። ድምፄንም ዝቅ አላደረግኩም። «ይሄ እዚህ አልበቀለም። በመኪና ነው የመጣው። ሐረግ ታያለሽ? አታይም። ደርድረውት ነው።»

ዱባውን ለቀቀችው። ጭቃው ላይ ጧ አለ። «ውሸት ነው?» አለች። እኔን አይደለም፣ እሱን።

ከጎናችን ሁለት ልጆች የያዘች እናት ነበረች። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። «ተባረክ ጌታዬ» አለችኝ። «አሁን ቤት ድረስ ለቅሷቸውን አንተ ነህ የምትሰማልኝ?»

ጂሊያን «ደስ አለህ ኤድዊን?» አለች፣ ቀስ ብላ።

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ከሄቲ ጋር እኩል ሆነ። «አባባ ልክ ነው» አላት። «እኔ አላስተዋልኩም ነበር።»

ሄቲ ዓይኗን በሹራቧ ጠረገች። ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ልጻፈው። «እኔ ከዚህ አልፈልግም። የአባባን ነው የምፈልገው። የአባባ ዱባ እውነተኛ ነው።»

አሸነፍኩ። ስንመለስ ጋሪው ላይ የእኔ ጉልበት ላይ ተቀመጠች። ሙሉውን መንገድ ዓይኗን ላለማየት ጭቃውን ሳይ ሄድኩ።

ኦክቶበር 27፣ ማክሰኞ

ፊደሎቹ ላይ ነጭ ሻጋታ ወጥቷል። በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩት።

ኦክቶበር 28፣ ረቡዕ

ሳይደውሉ መጡ። ሄቲና እሱ። ሮዊና ተረኛ፣ ጂሊያን ፀጉር ቤት። «እስከ ቅዳሜ አልጠብቅም ብላ አስጨነቀችኝ» አለ በሩ ላይ፣ እንደ ይቅርታ።

ዱባው ጓዳ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልሸፍነው ጊዜ አላገኘሁም። ሄቲ ሮጣ ሄደች፣ ወንበር ላይ ወጣች፣ ጣቷን በስሟ ላይ አስሄደችው። ዘንድሮ ያላየችው ስም ነው። የመጀመሪያው ፊደል፣ ሁለተኛው...

«አባባ፣ ለምን ይረጥባል?»

ልጠርገው ጨርቅ አነሳሁ። ምን ልበል? የጥርስ ሐኪሙ መነጽሩን አወጣ። ጎንበስ አለ። ዕድሜ ልኩን የሰው አፍ ውስጥ የቱ የቆየ የቱ አዲስ ቁስል እንደሆነ ሲለይ የኖረ ሰው። ብዙ አልፈጀበትም። ቀና ብሎ አየኝ። ገባው። እንደገባው ገባኝ።

እንግዲህ ጉዴ ፈላ አልኩ። ሰኞ እኔ በሰው ፊት ያደረግኩትን አሁን እሱ በተራው...

«ዝናቡ ነው» አላት። «ዘንድሮ ዝናቡ ቁስሉን አላደርቅ ብሎት ነው። አይደል ኤድዊን?»

«አዎ» አልኩ።

«ምስኪን» አለች ሄቲ። ዱባውን አቀፈችው።

ሻይ እንኳ አላፈላሁላቸውም። ሲወጡ ወደ መኪናው ሸኘኋቸው። እሷን ካስገባ በኋላ በሩን ዘግቶ «ቅዳሜ የአንተ ናት። አትጨነቅ» አለኝ። ትከሻዬን ሊነካ እጁን አንስቶ መለሰው።

ኦክቶበር 29፣ ሐሙስ

ዛሬ ባቡሩ ላይ ናቸው። እኔ አልተጠራሁም። አይ፣ ተጠርቼ ነበር። አልሄድም ብዬ ነው።

ለምን አላጋለጠኝም? አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። እኔ ብሆን... እኔማ ምን እንዳደረግኩ ታውቋል። ያን ሰውዬ መኪናውን ስቀናበት ኖርኩ፣ ካሜራውን፣ ቁመቱን። አሁን ደግሞ ደግነቱን እቀናበታለሁ። ይሄ ከሁሉም የባሰ ነው። መኪና ይገዛል። ይሄ ከየት ይገዛል?

ቢያዋርደኝ ይሻለኝ ነበር። ያኔ በደንብ እጠላው ነበር።

ኦክቶበር 30፣ ዓርብ

«የአባባ ዱባ እውነተኛ ነው።» ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ነገ እነግራታለሁ። ዱባው ሳይቆረጥ። የመጣው ይምጣ።

ኖቬምበር 1፣ እሑድ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። አሁን ልሞክር።

ከሰዓት መጣች። የጉጉት ወፍ መስላ ነው የመጣችው። ሮዊና ከአሮጌ መጋረጃ የሰፋችው ልብስ፣ ትልልቅ የወረቀት ዓይኖች። ያመጣት እሱ ነው። አንዱ ክንፏ መኪናው ውስጥ ቀርቶ ሊያመጣላት ወጣ። ጓዳ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። ቢላዋው ጠረጴዛው ላይ፣ ማንኪያው ጠረጴዛው ላይ፣ ዱባው... ሻጋታው ተመልሶበታል።

«ሄቲ፣ ይሄ የእኛ ዱባ አይደለም» አልኩ። «የእኛ በስብሶ ጣልኩት። ይሄን ከሱቅ ገዝቼ ስምሽን በኋላ ነው የጻፍኩበት።»

የወረቀት ዓይኖቿን ወደ ላይ ገፋች።

«መቼ ነው የበሰበሰው?»

«በወሩ መጀመሪያ።»

«ደህና ነው አልከኝ እኮ። በስልክ።»

«አዎ።»

«የት ጣልከው?»

«ለኖርማን አሳማዎች ሰጠሁት።»

«ከነስሜ?»

«ከነስምሽ።»

አላለቀሰችም። ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አሰበች። እያሰበች መሆኑ ያስታውቃል፣ ግንባሯ እንደ እናቷ ይጨማደዳል። ከዚያ ያን ጥያቄ ጠየቀች።

«ፒርስ ያውቅ ነበር?»

እዚህ ጋ በደንብ ልጻፍ። አያውቅም ማለት እችል ነበር። እሱ ለእኔ ሲል ዋሽቷል፣ ውለታውን በአንዲት ቃል መመለስ ነበረብኝ። እውነቱን ልንገራት ብዬ ነው? ለራሴ እንዲያ ለማለት ሞክሬያለሁ። አይደለም። እኔ ጭቃ ውስጥ ገብቼ እሱ ንጹሕ ሆኖ ደጅ መቆሙ ነው የከነከነኝ።

«ያውቅ ነበር» አልኩ።

ክንፉን ይዞ ገባ። ፈገግ ብሎ። «ይኸውና፣ አሁን መብረር ትችያለሽ» አለ።

«ታውቅ ነበር» አለችው። «ዝናብ ነው አልከኝ።»

ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። እኔን አየኝ። እኔ ቢላዋውን አየሁ።

«አውቅ ነበር» አለ።

«እማዬን ጥሩልኝ።»

«ሥራ ላይ ናት የእኔ ቆንጆ...»

«እንግዲያው አያቴን ጥሩልኝ። ሁለታችሁንም አልፈልግም።»

ጂሊያን ፋኖሶቿን ትታ መጣች። ከሄቲ ሰማች። ከእኛ ምንም አልጠየቀችም። ክንፉን ከሰውዬው እጅ ወስዳ ለልጅቷ አሰረችላት። «ድግሱ ላይ ቤት የሞላ ልጅ ይጠብቀኛል፣ እሷን ይዤ እሄዳለሁ» አለች። «እናንተ እዚሁ ቆዩ።»

«እኔም?» አለ እሱ። «ጂሊያን፣ የእኔ ቤት እኮ ነው።»

«በተለይ አንተ። ለዛሬ ቤትህ እዚህ ነው።»

ሄዱ። ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ዱባ። መሸ። ምን ይወራል? ሻይ አፈላሁ። እሱ ቢላዋውን አንስቶ ዱባውን ቆርጦ ይፈለፍል ጀመር።

«ተወው» አልኩት።

«ደጃፍ ላይ ዱባ ካልበራ ማንም ልጅ አያንኳኳም። ከረሜላውን ገዝተሃል አይደል?»

ገዝቼ ነበር። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ። ዱባውን አበራነው፣ የሄቲን ስም ወደ ግድግዳው አዞርነው። የመንደሩ ልጆች መጡ። አጽም፣ ድመት፣ ምን እንደሆነ ያልገባኝ አረንጓዴ ነገር። እሱ ከረሜላ ያድላል። «ዕድሜ ልኬን ይሄን አትብሉ ስል ኖሬ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ልስቅ ነበር። ያዝኩት።

የሚያንኳኳ ሲጠፋ ተቀመጠ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፣ እንደቀዘቀዘ ጠጣው።

«አያውቅም ማለት ትችል ነበር» አለኝ።

«እችል ነበር።»

«ለምን አላልክም?»

ንዴት የለበትም። ዝም ብሎ ማወቅ ነው የፈለገው።

«ብቻዬን መጠላት አልፈለግኩም» አልኩ።

ኩባያውን አስቀመጠ። ኮቱን ለበሰ። ደህና እደር አለኝ እና ሄደ። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋውም።

ኖቬምበር 4፣ ረቡዕ

ሄቲ ደወለች። ራሷ፣ በራሷ ፍላጎት፣ ብላለች ሮዊና።

«አባባ፣ ታርቄሃለሁ።»

«እውነት?»

«አንተ ነግረኸኛል። ዘግይተህ ነው ግን ነግረኸኛል። ፒርስ ግን አልነገረኝም። እሱን አልታረቅሁትም።»

ልዋሽ? ደስ አለኝ። ስልኩን ዘግቼ እያፏጨሁ ድንቹን አወጣሁ፣ ሁሉንም። አካፋው ዛሬ ቅቤ የሚቆርጥ ነበር የመሰለው። እሑድ ምሳ እኔ ጋ ልትመጣ ነው። እሱ የለበትም።

ኖቬምበር 6፣ ዓርብ

ጂሊያን ደወለች። ስለ ሄቲ ልታወራ መስሎኝ ነበር። «ፒርስ በየቀኑ ይደውልላታል» አለች። «ስልኩን አልይዝም ትላለች። የባቡሩን ፎቶዎች አሳትሞ ለእሷ አልበም ሊሠራ ነበር፣ ፖስታውን እንኳ አልከፈተውም።»

«እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ?»

«ምንም። ነገርኩህ እንጂ ምንም አላልኩህም።»

ኦክቶበር ላይ ይህን ዜና ብሰማ ጮቤ እረግጥ ነበር። የፈለግኩት በሙሉ እጄ ገብቷል። ምን ሆኜ ነው እራት ያልበላሁት?

ኖቬምበር 8፣ እሑድ

ዝናቡ አቆመ። ሄቲ መጣች። የተጠበሰ ዶሮ፣ ከጓሮዬ ድንች፣ የፖም ኬክ። ሁለቴ አስጨመረች። ጥርሷ እየተነቃነቀ ነው፣ የፊተኛው። «ማን ይንቀልልኝ?» አለች። ከዚያ ያለችውን ነገር አስተውላ ሳህኗን በሹካ ጫረችው።

ከምሳ በኋላ ኮቷን አለበስኳት።

«የት ነው የምንሄደው?»

«ፒርስ ጋ።»

«አልፈልግም። ዋሽቶኛል።»

«የዋሸሽ ለእኔ ብሎ ነው።»

«ጓደኛህ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

«እንጃ። እኔ ብሆን ለእሱ አላደርገውም ነበር።»

መንገዱን ሙሉ ይህን ስታሰላስል ሄደች። ወይም ጥርሷን በምላሷ ስትነቀንቅ። ቤቱ ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋ እጇን አጣምራ ወንበሯ ላይ ተለጠፈች። «እኔ አልወርድም። አንተ ሂድ።»

ሄድኩ። ያን ደጃፍ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሁልጊዜ ከመንገድ ላይ የመኪናዬን ጥሩምባ ነፍቼ ነበር የምቀበላት። ደወሉን ደወልኩ። ከፈተ። የቤት ጫማ አድርጓል፣ ጺሙን አልተላጨም።

«መኪና ውስጥ ናት» አልኩ። «ተቆጥታለች። የፊት ጥርሷም ተነቃንቋል። ታገሣት።»

በቤት ጫማው ወጣ። መኪናው አጠገብ ሲደርስ ጭቃው ላይ ተንበረከከ፣ በደህና ሱሪ። መስኮቱ ዝግ ነው። ብዙ ቆየ ዝግ እንደሆነ። እሱ አላንኳኳም። ከዚያ መስኮቱ ትንሽ ዝቅ አለ። ከዚያ ሌላ ትንሽ። የሚያወሩት አይሰማኝም ነበር። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና አፏን እንደ ከፈተች ብርሃን ወዳለበት ፊቷን አዞረችለት። እሱ ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ።

በእሱ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ቀናሁ። ያው እንደ ድሮው።

ግን አልጠራኋትም።